ጅማቱን ለውሻ፣ ዱቄቱን ለጉልበት

ሥጋ ቤት ገብቶ አንድ ኪሎ ሲያስመዝን ዓይኑን ከቢላዋው ላይ የማይነቅለውን ጀግና ሳያመሰግኑ ማለፍ ነውር ነው። «ጅማቱን አውጣልኝ! አጥንት እንዳትጨምርብኝ! ያን ነጩን ወዲያ በለው!» ቆራጩም ይታዘዛል፤ ነጩ ሁሉ ተገፎ በር ላይ ለሚጠብቀው ውሻ ይወረወራል። ጀግናችን ቀዩን ብቻ በፌስታል አንጠልጥሎ ይወጣና እግረ መንገዱን ፋርማሲ ጎራ ብሎ ለጉልበቱ የሚሆን ዱቄት በቆርቆሮ ይገዛል። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ምንድን ነው ቢሉ፣ ቅድም ለውሻው የተጣለው ነው፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ ቫኒላ ሸትቶ፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ። የአገር ቤት ጅማት ጥርስ ውስጥ ይገባል፤ የውጭው በክብር ይዋጣል።

ቆዳን፣ ጅማትንና አጥንትን አያይዞ የሚያቆመው ፕሮቲን ኮላጅን ይባላል። ፋብሪካው የአሳማ ቆዳን በአሲድ፣ የከብት አጥንትና ቆዳን ደግሞ ለሳምንታት በኖራ ውሃ ይዘፈዝፋል፤ ከዚያ በሙቅ ውሃ አውጥቶ፣ አጣርቶና አድርቆ ሲፈጨው ጀላቲን ይሆናል። ጀላቲኑ በኢንዛይም ይበልጥ ሲቆራረጥ ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃ የሚሟሟው፣ የማይረጋው «ኮላጅን ፔፕታይድ» ይወጣዋል። አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ታናሽየው ግን በወርቃማ ክዳን ስለሚመጣ ከታላቁ ጋር ሰላምታ አይለዋወጥም።

አወሳሰዱ ላይ ያሳየነው ጀግንነት ለብቻው ይነገር። ጀላቲን መጀመሪያ የሚፈልገው ቀዝቃዛ ውሃ ነው፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ከ7 እስከ 10 ግራም ቢሆን፣ ሩብ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ በትኖ 5 ደቂቃ እንዲያብጥ መተው፣ ከዚያ ሙቁን ጨምሮ ማማሰል። ይህ ለፈሪ ነው። እኛ ዱቄቱን ፍል ቡና ላይ እንነሰንሰዋለን። የዱቄቱ ውጭ ወዲያው ሙጫ ሆኖ ውስጡን ይዘጋዋል፤ ሲኒው ላይ ባቄላ ባቄላ የሚያካክሉ ጓጎሎች ይንሳፈፋሉ። ደግሞም ቡና ያለ ወሬ አይሆንም፤ ወሬው ሲሞቅ ቡናው ይቀዘቅዛል። 7 ግራም ጀላቲን ግማሽ ሊትር ፈሳሽ የማርጋት አቅም ስላለው፣ 10 ግራም በአንዲት ሲኒ ውስጥ ሲቀዘቅዝ የሚወጣው የጫማ ሶል ነው። ቡናን መጠጣት አልበቃ ብሎን ማኘክ ጀመርን። የተረፈው ወደ ማጠቢያው ይደፋና ቱቦው ውስጥ ረግቶ ይጠብቃል፤ የቧንቧ ሠራተኛውም በዚህ የጤና ንቅናቄ ተጠቃሚ ይሆናል።

ሠለጠንን የሚሉት ደግሞ በፓፓያ ጭማቂ በጥብጠው ፍሪጅ ያስገቡታል። ያድራል፤ አይረጋም። «አጭበርብረውኛል!» ዱቄቱ ንጹሕ ነው፤ ጥፋተኛው ጥሬው ፓፓያ ነው። ጥሬ ፓፓያም ሆነ አናናስ ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይም አላቸው፤ እሳት ካልነካቸው ጀላቲን አያስረጉም። ፓፓያው ብርጭቆ ውስጥ የጀመረውን ሥራ ጨጓራና አንጀት ይጨርሱታል፤ ጀላቲን ተቆራርጦ አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መሥሪያ ጡብ) እና ጥቃቅን ቁርጥራጭ ሆኖ ወደ ደም ይገባል። ታክሲ ተሳፍሮ «ጉልበት ጋ ወራጅ አለ» እያለ የሚሄድ ጅማት የለም። የተቆራረጠውን ሰውነት የት እንደሚያውለው የሚወስነው ራሱ ነው፤ ገዢውን አያማክርም።

ማስረጃ የለም እንዳይባል ማስረጃም አለን። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት 8 ጤነኛ ወጣት ወንዶች 15 ግራም ጀላቲን 48 ሚሊ ግራም ያህል ቫይታሚን ሲ ካለው መጠጥ ጋር ወሰዱ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ለ6 ደቂቃ ገመድ ዘለሉ። ደማቸው ውስጥ የኮላጅን ግንባታ ምልክት ከፍ አለ። የእኛ ሰው ከዚህ ጥናት ጀላቲኑን ወሰደና ገመዱን ተወው፤ ወጣትነቱንም ጤንነቱንም እንዲሁ። የተለካው ደም እንጂ የታመመ ጉልበት አለመሆኑማ ዝርዝር ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2011 «ኮላጅን ሃይድሮላይዜት (ያው ፔፕታይዱ ነው) መገጣጠሚያን ይጠብቃል» የሚለውን አባባል መርምሮ ምክንያትና ውጤቱ አልተረጋገጠም ብሎ መልሶታል፤ ግን እሱ ጎረቤት አይደለም፣ ማን ይሰማዋል? ቫይታሚን ሲውንም ቢሆን አንድ ብርቱካን ከነትርፉ ይሸፍነዋል፤ ሽሮው አጠገብ የተጋደመው ጥሬ ቃሪያም አያንስም። ነገር ግን ቃሪያ ወርቃማ ክዳን የለውም።

ምሳቸውን በዱቄቱ የተኩትን ደግሞ ፓሪስ ቀድማቸዋለች። እዚያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሆስፒታል ድሆችን ከአጥንት በወጣ ጀላቲን መመገብ ቁጠባ መስሎ ነበር፤ በሐኪሙ ማዣንዲ የተመራው የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ኮሚሽን በ1841 ጀላቲን ብቻውን ሕይወት እንደማያቆይ ተናገረ። ትሪፕቶፋን የሚባለው አስፈላጊ አሚኖ አሲድ ጀላቲን ውስጥ የለም። ምስር ወጥ ውስጥ አለ።

አሁን ወደ እውነተኛው ገድል። አልፎ አልፎ በአንዳንድ ቤት መረቅ ይሠራል፤ ያውም በትክክል። 2 ኪሎ የከብት እግርና የመገጣጠሚያ አጥንት፣ ካለም ጭራ ይጨመራል፤ ቅልጥም ብቻውን አይበቃም፤ መቅኒው በአብዛኛው ስብ ነውና ይጣፍጣል እንጂ አይረጋም። 10 ደቂቃ አፍልቶ የመጀመሪያውን ውሃ ከነአረፋው መድፋት፤ አዲስ ቀዝቃዛ ውሃ ከአጥንቱ ሦስት ጣት ያህል ከፍ አድርጎ መጨመር፤ ከዚያ ለስ ባለ እሳት ከ6 እስከ 8 ሰዓት። የበግ ከሆነ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይበቃዋል። እሳቱ ከበረታ ስቡ ከውሃው ጋር ተደባልቆ መረቁን ያደፈርሰዋል፤ ያለልክ ከቆየም ጀላቲኑ ራሱ ተበጣጥሶ የመርጋት ኃይሉ ይደክማል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ የቆላ ሰዓት አይሠራም፤ የቸኮለ በፕሬሸር ኩከር ሁለት ሰዓት ተኩል ይስጠው። (ፓፒን የተባለው ፈረንሳዊ የዚህን ድስት ቅድመ አያት በ1679 ሲያወጣ ካሰባቸው ጉዳዮች አንዱ ይኸው የአጥንት ነገር ነበር።)

መረቁ ተጣርቶ ፍሪጅ ያድራል። ጠዋት ሲከፈት ስቡ ከላይ ነጭ ክዳን ሠርቷል፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ ሲነኩት ይንቀጠቀጣል። በምድር ላይ ከዚህ የበለጠ ግልጽ የጀላቲን ምስክር የለም። እማወራዋ ግን አንድ ጊዜ ገርምመው፣ «ውይ፣ ተበላሽቷል!» ብለው ይደፉታል። ከዚያ ከመደርደሪያው ልጃቸው ከዋሽንግተን በሻንጣ የላከችላቸውን ቆርቆሮ አውርደው በጭልፋ ይሰፍራሉ። ልጅቷ በስልክ «እማዬ፣ በማንኪያ ነው ያልኩሽ» ትላለች። ለወላጅ የተላከ መድኃኒት በማንኪያ የሚለካው ስስታም ቤት ነው።

ሁሉንም የመገጣጠሚያ ሕመም «ሪህ» ብለን በአንድ ስም የጠራንበት ቁጠባም አይረሳ። በዕድሜና በክብደት ያለቀ ልምአጥንት፣ ሰውነት ራሱን ሲያጠቃ የሚመጣ ብግነት፣ በእግር አውራ ጣት ላይ ሌሊት የሚነድ የዩሪክ አሲድ ክምችት፦ ሦስቱም ሪህ፣ ለሦስቱም አንድ ማንኪያ። ሦስተኛው ላለበት ሰው ሲንተከተክ የዋለ የሥጋ መረቅ ሰውነት ውስጥ ወደ ዩሪክ አሲድ በሚለወጠው ፒዩሪን የተሞላ ስለሆነ ሌሊቱን ያነድደዋል፤ አጠጪው ግን አስታማሚ ይባላል። ጉልበታቸው በክብደት የተጎዳባቸው ሰዎች አንድ ኪሎ ቢቀንሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና እንደሚነሳ ተለክቷል፤ ይህ ግን በሻንጣ አይላክም።

የመጨረሻው አክብሮት ለጿሚው ነው። በዓመት ከግማሽ ያላነሰውን ቀን ከሥጋና ከወተት ርቆ፣ ብስኩት ሲገዛ እንኳ ቅቤ አለበት የለበትም ብሎ ጠይቆ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ማንኪያ የአሳማ ቆዳ በሙቅ ውሃ ይጠጣል። እስላሙም ክርስቲያኑም በዚህ አንድ ሆነናል። ቆርቆሮው ጀርባ ላይ «ቦቫይን» ካለ ከከብት፣ «ፖርሳይን» ካለ ከአሳማ፣ «ማሪን» ካለ ከዓሣ ነው፤ ከየት እንደሆነ ካልጻፈ ያልጻፈበት ምክንያት ይኖረዋል። የቫይታሚን እንክብል ቅርፊትም ብዙ ጊዜ ጀላቲን ነው። ይህን የሰሙ ብልሆች «የጾም ኮላጅን» የሚል ሌላ ቆርቆሮ አግኝተዋል። ኮላጅን በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳ ብቻ ስለሆነ፣ ከዕፅዋት የተሠራው ቆርቆሮ በአብዛኛው የያዘው ቫይታሚን ሲና የዕፅዋት ጭማቂ ነው። እሱ ጾምም አይገድፍም፤ ጉልበትም አይደርስ።