እስኪ አንዴ ለካሜራው አልቅሱ

ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ የሠርግ ቪዲዮ ደረሰ። ሠርጉ የተበላው ጥር ላይ ደብረ ማርቆስ ነው። ቪዲዮው የመጣው ግን ሙሽሪት ሆዷ ገፍቶ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማሰር ካቃታት በኋላ ነው። ባለ ካሜራውን በጠየቁት ቁጥር «ኤዲቲንግ ላይ ነው» ይል ነበር። ኤዲቲንግ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ፍላሹ ቴሌቪዥኑ ላይ ተሰክቶ 47ኛው ደቂቃ ላይ ስንደርስ ነው።

በዚህ ደቂቃ ሙሽሮቹ የወላጆቻቸውን ጉልበት ይስማሉ። ኦርጋኑ ስለ እናት የሚዘፈን አንድ ዘፈን ይጀምራል። ሙሽሪት ታለቅሳለች፤ ሚዜዎቿ ኩላቸው እንዳይበላሽ በሶፍት ጫፍ ዓይናቸውን ነካ ነካ እያደረጉ ያለቅሳሉ፤ ድንኳኑ ሙሉ ያለቅሳል። ከዚያ ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ይዞርና አንድ ሰው ላይ ይቆማል። ሰውየው እኔ ነኝ። ጥብስ እያኘክሁ ነው። ያውም በስሎ ሞሽን።

ሰው በስሎ ሞሽን ሲያኝክ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ። መንጋጋዬ ወደ ግራ ይሄዳል፣ እዚያው ትንሽ ያርፋል፣ ያስብበታል፣ ይመለሳል። የሚያመሰኳ በሬ ነው የምመስለው። ቤቱ ጸጥ አለ። ትልቋ አክስቴ ሲኒዋን አስቀመጠችና «አንተየ፣ ሰው እንዲህ እየተንሰቀሰቀ እንዴት እህል ወረደልህ?» አለችኝ። መልስ ነበረኝ፤ ግን ደርሶ ማን ይሰማኛል? ተከሳሹ አፉ ሙሉ እንደሆነ በማስረጃ ተይዟል።

ካሜራው ያላሳየው ነገር አለ። ያ ዘፈን የተዘፈነው ሁለት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ዙር እኔም እንደ ሰው እጄን ከትሪው ሰብስቤ፣ አንገቴን ደፍቼ ነበር። ችግሩ የሙሽሪት እናት አለማልቀሷ ነው። ባለ ካሜራው እጁን አንሥቶ ኦርጋኑን አስቆመና «ማዘር፣ ዕንባው አልመጣም፤ እንደገና እንሂድ» አላት። ሙሽሮቹ ተነሥተው እንደገና ተንበረከኩ። ጉልበት እንደገና ተሳመ። ምርቃቱም እንደገና ወረደ፤ የሁለተኛውን ዙር ፈጣሪ ይቁጠረው አይቁጠረው እሱ ያውቃል። እኔ በበኩሌ ጥብስ ሲቀዘቅዝ አልወድም።

እንደ ሙሽሪት እናት ዕንባው አልወጣ ያለ ሰው ሲያጋጥመኝ የማስታውሰው ተረት አለ፤ ከተረት ሁሉ አንድ ብቻ ይዘህ ውጣ ቢሉኝ የምይዘው እሱን ነው፦ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል። የአገራችን ሰው ሐዘኑንም ፍቅሩንም ቂሙንም የሚያስቀምጠው ሆዱ ውስጥ ነው። ሲከፋው ሆድ ይብሰዋል፣ ሲራራ ሆዱ ይባባል፣ ዕንባው ቅርብ ከሆነ ሆደ ቡቡ ነው፣ የማይነገር ነገር ሲገጥመው ሆድ ይፍጀው ይላል። የወንድ ልጅ ዕንባ ደግሞ ወደ ሆዱ ነው የሚፈሰው ብለውናል። እንግዲህ አንድ ሆድ ስንት ነገር ይቻል? ምስጢሩም እዚያ፣ ዕንባውም እዚያ፣ ጠላውም እዚያ! በኋላ ብቅሉ ገብቶ ሲያንተከትከው ምን ይገርማል? ይህን ተረት የተናገረው ሰው ጠላ ብቻ ሳይሆን ማሲንቆም የሚያውቅ ይመስለኛል። አንድ ጭራ የተወጠረባት ያቺ የፍየል ቆዳ ሦስት ገንቦ ጠላ የማያወጣውን ታወጣለች።

ማሲንቆን ካነሣሁ አይቀር፣ አንድ ያልተወራረደ ሒሳብ አለኝ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። ባሕር ዳር አንድ ጠጅ ቤት ተቀምጫለሁ። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ከወንበር ወንበር እየዞረ ሁሉንም ያነሣል፣ ይጥላል። እኔ ጋ ሲደርስ፣ መቼም ሲወደስ እጁን የማይዘረጋ የለም፣ 10 ብር አውጥቼ ሰጠሁት። እሱም ወደ ኪሴ ዐይቶ፣ ፈገግ ብሎ እንዲህ አለ፦

ሰው ሁሉ አደነቀ የጌታዬን ኪስ፣
ብር አለ ይሉኛል ገና ሳልደርስ።

ጠጅ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉ አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ሀብታም ተባልሁ ብዬ ሌላ 10 ብር በምራቄ አርጥቤ ግንባሩ ላይ ለጠፍሁለት። በሦስተኛው ቀን እናቴ ደጅ ላይ ያሰጣችውን ብቅል ወፎች ሲለቅሙት አየሁና «እሽ!» አልኋቸው። ብር አሉ። እኔ እዚያው ደርቄ ቀረሁ።

አኮፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ቅኔ ፍለጋ ተማሪ ከየአገሩ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ በሚጎርፍበት አውራጃ ተወልጄ፣ ወርቁ እስኪገባኝ ሦስት ቀንና አንድ መንጋ ወፍ አስፈለገኝ። እስከ ዛሬ መልሱን እየሠራሁለት ነው። የመጀመሪያዋ ስንኝ ተዋጥታልኛለች፤ ሁለተኛዋ ናት እንቢ ያለችኝ።

ምን ልል ነበር? አዎ፣ ዕንባ።

አንድ ወዳጄ የሙዚቃ መምህር ነው፤ ክራሩን ጭኑ ላይ አድርጎ አስረድቶኛል። አራት ቅኝቶች አሉን፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፤ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው። ትዝታ ደግሞ ሜጀርና ማይነር አለው። ልዩነታቸው ምንድን ነው ብለው፣ ከአምስቱ ሁለቱን ድምፆች በግማሽ እርምጃ ዝቅ ማድረግ ነው አለኝ። ጅማቶቹን ትንሽ ላላ፣ ላላ አደረገና መታው። እውነትም ደረቴ ላይ አንድ ነገር ተቀመጠ። ተናደድሁ እንጂ! እንግዲህ ይህ ሁሉ ሕዝብ ብርጭቆውን ትክ ብሎ እያየ የሚተክዘው፣ የተለያት የምትታወሰው፣ የሞተች እናቱ የምትመጣበት ጅማት ስለላላ ነው? ወዳጄ ትከሻውን ነቀነቀና «አንተ ለምን ትዝታ እንደተባለ ታውቃለህ?» አለኝ። ቅኝቱም ትዝታ፣ ዘፈኑም ትዝታ፣ የሚያመጣብህም ትዝታ። ከዚህ በላይ ማብራሪያ የለም ብሎ ክራሩን ሰቀለ።

አስለቃሽ ዘፈን ጠላቴ አይደለም። ጥላሁን ገሠሠ መድረክ ላይ እየዘፈነ ዕንባው በጉንጩ ሲወርድ ያየ ሰው ያውቀዋል። ሰውየው የሚያለቅሰው ከራሱ ጋር ነበር፤ እኛ ድንገት በር ከፍተን የገባንበት ነው የሚመስል። ሚያዝያ 2001 ሲያርፍ በተራው አገር አለቀሰለት። በሁዳዴ ማታ በራዲዮ በገና ሲደረደርም እንደዚሁ ነው። ያ ዐሥር ጅማት ከሥሩ ካለው ቁራጭ ቆዳ፣ ከእንዚራው ጋር እየተጋጨ «ዝዝዝ» ሲል አያቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል ታደርግ ነበር። ታልቅስ፣ ትተኛ፣ ያወቀ የለም። ጠይቆ የሚያውቅም አልነበረም።

ትልቋ አክስቴም ብትሆን የአልቃሽ አውራ ናት። ለቅሶ ቤት ገብታ ሙሾ ካወረደች፣ ሟቹን በስሙ የማያውቅ መንገደኛ ሳይቀር የራሱን ሟች አስታውሶ ይነፋረቃል። ጨርሳ ስትቀመጥ ዕንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ አጠገቧ ያለችውን ሴት የጤፍ ዋጋ ትጠይቃለች። ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም። ለእኔ የጥበብ ጥግ እሱ ነው።

የሚያቃጥለኝ የዛሬው ነው። ክሊፑን ከፍታችሁ እዩት። ዝናብ ይዘንባል፤ ዝናቡ የሚዘንበው ከቦቴ መሆኑ ያስታውቃል፣ ከኋላ ፀሐይ አለ። ዘፋኙ የተቀደደ ፎቶ ይይዛል። አንዲት አሮጊት እንጨት ተሸክማ ዳገት ትወጣለች፤ ልጇ ግን በነጭ መኪና አጠገቧ ያልፋል፣ ወርዶ አያግዛትም፣ መዝፈን አለበታ! ዜማው ያላስለቀሰ እንደሆነ «እናቴ» ይጨመርበታል። ወጥ የማይሆንላት ሴት በርበሬ እንደምታበዛው ማለት ነው። እናት የሌለው ማን አለ? በእናት ማስለቀስ ሙያ ነው እንዴ? ዓይን ውስጥ ጣት ከትቶ «አየህ፣ ዕንባ አወጣሁ» እንደ ማለት ነው። ሳላለቅስ ስቀር ደግሞ ልበ ድንጋይ እኔ ነኝ።

ቅዱስ ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጠው የያዙት ጦር የያሬድን እግር ወጋው፣ ዜማው እስኪያልቅ ሁለቱም አላወቁም ይባላል። የኛ ባለ ካሜራ እዚያ ቢኖር ኖሮ «ጃንሆይ፣ ደሙ በደንብ አልታየም፤ ጦሩን አንዴ ይንቀሉና እንደገና ይትከሉልን» ባለ ነበር።

ቁጣዬ ለትልቋ አክስቴ ያልነገርኋት አንድ ነገር ስላለ ነው። በሠርጉ ዋዜማ ሌሊት 10 ሰዓት ግድም ውሃ ጠማኝና ወደ ጓዳ ገባሁ። የሙሽሪት እናት ብቻዋን ናት። ያንን ሰፌድ የሚያክል ድስት እያማሰለች ለራሷ የሆነ ነገር ታንጎራጉራለች። ጆሮዬን ሳቀና «እሹሩሩ» ነው። ልጇ በማግሥቱ ከቤት ልትወጣ እሷ እሹሩሩ ትላለች፤ ማንም አላዘላትም፣ ማንም አልተኛላትም። ዕንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ነበር። ስታየኝ ደንገጥ አለችና «ሽንኩርቱ ነው» አለችኝ።

ሽንኩርቱ ማታውኑ ተከትፎ፣ ቁሌቱ በስሎ አልቋል።

ውሃዬን ሳልጠጣ ወጣሁ። እና ያ ባለ ካሜራ በማግሥቱ በጠራራ ፀሐይ፣ አራት መቶ ሰው ፊት «ዕንባው አልመጣም» ይላታል። የነበራትን ሌሊት ጨርሳዋለች፣ ከየት ታምጣለት? በሁለተኛው ዙር ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ባለ ካሜራው አውራ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። በቪዲዮው ላይ እሱም በስሎ ሞሽን ነው፤ ዘመድ ሁሉ ሲያየው ከንፈሩን መጠጠ። እኔ የተቀመጥሁት ወደ ጎኗ ነበርና ከነጠላው ሥር ፊቷን አይቻለሁ። እየሳቀች ነበር። ሳቋን እንዳላጋልጥባት ብዬ ነው ያን ጥብስ አፌ ውስጥ የወተፍሁት። አሁን ይህን ለማን ትናገረዋለህ?

ቪዲዮውን ባየን በማግሥቱ በሚኒባስ ወደ ባሕር ዳር ተመለስሁ። ደምበጫን አልፈን ፍኖተ ሰላም ስንደርስ አንድ ነጋዴ ሁለት ማዳበሪያ በርበሬ ይዞ ተሳፈረ። ፖርቶ መጋላው ሞልቷል፤ ረዳቱ አንዱን ከኋላ ወትፎ ሌላውን ከእኔ እግር ሥር ደፈቀው። ዝናብ ስለነበር መስኮት የሚከፍት የለም። ሾፌሩ ዘፈን ቀየረ፤ ትዝታ፣ ያውም ማይነሩን። ሁለቱ ጅማት ላላ ያለበትን።

ቡሬ ሳንደርስ መኪናው ሙሉ እያለቀሰ ነው። አጠገቤ ያሉት እናት አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው «ኤዲያ፣ ይሄ ዘፈን!» ይላሉ። አንድ ወታደር የሚያህል ጎረምሳ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል። እኔም ዓይኔ ፈሰሰ። በርበሬው ይሁን አላውቅም፤ ያቺ ድስት የምታማስል ሴት ትሁን አላውቅም፤ ዕንባው ግን የውነት ዕንባ ነው፣ ጉንጬ ላይ ይወርዳል፣ ካሜራ የለ፣ እንደገና የሚል የለ። ኋላ ትዝ ሲለኝ ስልኬን አወጣሁ። ማስረጃ በማስረጃ ነው ብዬ ራሴን አነሣሁና፣ ዕንባዬ እንዲታይ ትንሽ ቀና ብዬ፣ እውነቱን ለመናገር ሁለት ጊዜ አነሣሁ፣ የመጀመሪያው ጥሩ አልወጣም፣ ለትልቋ አክስቴ በቴሌግራም ላክሁላት።

ኮሶበር ከመድረሳችን በፊት ደወለች።

«አንተየ፣ ፎቶውን አየሁት» አለችኝ።

«እሺ፣ አየሽ?»

«አየሁ። እግርህ ሥር ያለው በርበሬ ኪሎው ስንት ገባ?»