ለሲኒማ ቤት አልቃሾች ምስጋና ይድረስልኝ

ሰሞኑን ደግሞ ተነሳባቸው። አቃቂ አንድ ዘመን ሲኒማ የነበረ ያረጀ አዳራሽ ግድግዳው ተናደና ፌስቡክ ድንኳን ጣለ። ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ የሚያለቅስ ኢሞጂ በረድፍ፣ "ልጅነታችንን አፈረሱብን" የሚል ጽሁፍ፣ ከስር "ወይ ጊዜ"፣ "ነፍስ ይማር"፣ "ታሪኩን የማያውቅ ትውልድ" ምናምን። አይታችሁታል፣ ሼር ያደረጋችሁትም አትጠፉም። ፎቶው እኮ የአቃቂ እንኳን አይደለም! ወንበሩ ከፋይ የለበሰ ነው፣ እኛ አዳራሽ የነበረው ደግሞ ሲቀመጡበት ሱሪ የሚበላ አግዳሚ ነው።

ግን ልተቻቸው አይደለም የመጣሁት፣ ላመሰግናቸው ነው። ህንፃ ቆሞ ሳለ ዞር ብሎ ሳያየው፣ ሲፈርስ ግን እንዲህ የሚወደው ህዝብ ከየት ይገኛል? ሌላው አገር ሞኝ ነው፣ ሲኒማ ቤቱ ሳይፈርስ ይገባበታል፣ ትኬት ይቆርጣል፣ ጣሪያው ሲያፈስ ያስጠግናል። አስመራን እዩ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 የተሰራውን ሲኒማ ኢምፔሮን እስከዛሬ አቁመውታል፣ ይባስ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2017 ዩኔስኮ ከተማዋን ቅርስ ብሎ መዘገባት። ኪሳራ ነው! ያልፈረሰ ነገር ላይ ሰው እንዴት አድርጎ ያለቅሳል?

እኛ ጋ ወግ አለው። ሲኒማ መጀመሪያ አዲስ አበባ ሲገባ ፈራነውና ቤቱን ሰይጣን ቤት አልነው። ቆይቶ ለመድነው፣ ወደድነው፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ የአማርኛ ፊልም ሲጦፍ አምባሳደር በር ላይ፣ ፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያ በር ላይ ተሰልፈን ተጋፋን። ከዚያ ረሳነው። አሁን የለቅሶው ምዕራፍ ላይ ነን። ብሔራዊ ቴአትርን ብትወስዱ ጣሊያን ሲኒማ ማርኮኒ ብሎ ጀምሮት ሳይጨርሰው የሄደው ነው፣ በ1948 ለንጉሡ የብር ኢዮቤልዩ ቴአትር ቤት ሆኖ ተመረቀ፣ ይኸው እስከዛሬ ቆሟል። በዚህም ምክንያት ማንም ፖስት አያደርገውም።

ወደ አቃቂው አዳራሽ ልመለስ፣ ምክንያቱም እንደሱ ያለ የስራ ልምድ ያለው ህንፃ አላየሁም። በደርግ ጊዜ የቀበሌ አዳራሽ ነበር፣ ስብሰባ ይቀመጡበታል፣ መፈክር ያሰሙበታል። ከ1983 በኋላ የሰፈር ወጣቶች ቪዲዮ ቤት አደረጉት፤ አንድ ዴክ፣ በብረት ሳጥን የተቆለፈ ቴሌቪዥን፣ በር ላይ በከሰል "ቀን የህንድ፣ ማታ አክሽን"፣ መግቢያ ሀምሳ ሳንቲም፣ የሌለው በቆርቆሮው ቀዳዳ በአንድ አይኑ ያያል። ትንሽ ገንዘብ ሲያገኙ ፕሮጀክተር አመጡና የፊቱን ግድግዳ ነጭ ቀለም ቀቡት፣ በቃ ሲኒማ ሆነ። ከዚያ ፕሪሚየር ሊግ መጣና ዲኤስቲቪ ቤት ሆነ፣ ማንቼና አርሴ ሲጫወቱ የቀረው አግዳሚ በጭፈራ ተሰበረ። ከዚያ የሰርግ አዳራሽ ሆነ። ሰርግ በጾም ስለማይሰራ በጾም የሽንኩርት መጋዘን ሆነ። ከዚያ ግማሹ ኮሌጅ ሆነ፣ ግማሹ ሽንኩርት እንደሆነ ቀረ፣ መሀል ላይ መጋረጃ ጣሉበት፣ አካውንቲንግ ያጠኑ የነበሩት ልጆች ኮስትና ፕሮፊት የገባቸው ከወዲያ ማዶ ያለው ነጋዴ በስልክ ሲጨቃጨቅ ሰምተው ነው ይባላል። ከዚያ ፑል ቤት። ከዚያ ጂም፣ እሱ ብዙም አልቆየም፣ የሰፈሩ ሰው ብረት ማንሳት ከፈለገ ኮንስትራክሽን አለለት። ከዚያ ቤቲንግ ቤት። በመጨረሻ ግማሹ ጎሚስታ ግማሹ ላቫጆ ሆነ፣ ወለሉ ተቆፈረና የዘይት መቀየሪያ ጉድጓድ ወጣለት፣ ያ በነጭ የተቀባው ግድግዳ ላይ ደግሞ በትልቁ "ዱቤ ዛሬ የለም ነገ ይሞክሩ" ተጻፈበት። ከኋላ በኩል ያለው ግድግዳ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ሽንት ቤት ነበር፣ "መሽናት በህግ ያስቀጣል" የሚለው ጽሁፍ ራሱ በሽንት ለቆ "መሽናት በህግ" የሚለው ብቻ ቀርቷል። መሀንዲስ አይደለሁም፣ ግን የተናደው በዚያ በኩል ነው።

እና ዋናው አልቃሽ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ለሰርግ ተከራይቶት የነበረው ሰውዬ! ሲለቅ የጣሪያውን ቆርቆሮ አውልቆ ለዶሮ ቤቱ የወሰደው እሱ ነው። "ቅርሳችንን ተነጠቅን" ብሎ ጽፏል። ዶሮዎቹ ላይክ ቢያደርጉለት አይገርመኝም።

ሌሎቹንም ሳላመሰግን አላልፍም። ታሪክ አዋቂው አለ፣ የፈረሰውን ሁሉ "ከአፍሪካ የመጀመሪያው" የሚል፣ ቀበሌ አዳራሻችንም እሱ ዘንድ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነው። ቲክቶከሩ አለ፣ ዋሽንት ከኋላ ከፍቶ ፍርስራሹ ላይ ቀስ ብሎ የሚራመድ፣ ሚስማር ወግቶት እንኳን ካሜራው እስኪጠፋ የሚታገስ። ዲያስፖራው አለ፣ "ለምን ሙዚየም አይሆንም ነበር?" ብሎ በሌሊት ቮይስ የሚልክ፣ እሱ የገዛው ቦታ ላይ የነበረውን አሮጌ ቤት ምን አደረገው ብላችሁ እንዳትጠይቁት፣ ያዝናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ ምቀኞች አሉ፣ አትስሟቸው። ጅቡ እያለ መጮህ አደጋ አለው።

አንድ ነገር ግን በቀልድ አላልፈውም። ከአቃቂ ወጣ ብላችሁ ቱሉ ዲምቱን እዩ፣ ኮዬ ፈጬን እዩ። ያ ሁሉ ፎቅ፣ ያ ሁሉ ህዝብ፣ ያ ሁሉ ልጅ። ልጆቹ ፊልም የሚያዩበት፣ ቴአትር የሚሰሩበት፣ ዝናብ ሲጥል እንኳ ተሰብስበው የሚያወሩበት አንድ አዳራሽ አይታችሁ እንደሆነ ንገሩኝ። ለጋራ የተሰራው ኮሚናል እንኳ ስንቱ ቦታ ተከራይቶ ግሮሰሪ ሆኗል፣ የኮሚቴው ሰውዬ ደግሞ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠጣበታል። አንድ የአስር ዓመት ልጅ ትልቅ ስክሪን ላይ ፊልም ልይ ካለ ታክሲ ቀያይሮ መሀል ከተማ መግባት አለበት፣ ከየት አምጥቶ? ቤቲንግ ቤት ግን ደጁ ድረስ መጥቶለት ነበር። ያኔ ማን አለቀሰ? የማን ፕሮፋይል ጠቆረ? የሞተ ግድግዳ አቅፋችሁ ስትነፋረቁ በህይወት ያለው ልጅ ከጎናችሁ ቆሟል እኮ፣ አታዩትም እንዴ? ታበሳጫላችሁ!

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርን።

ለቅሶ መድረስ የምትፈልጉ፣ ግቢው አልተዘጋም። ጎሚስታው በተናደው በኩል ሸራ ወጥሮ ስራውን ቀጥሏል፣ ለፎቶ ከቆማችሁ የመኪና ማቆሚያ ያስከፍላችኋል፣ እግረ መንገዱን ጎማችሁን አይቶ "ይሄ ነፋስ ጎድሎታል" ማለቱም አይቀርም። ከለቅሶው ወዲህ ገበያው ደርቶለታል። በቀደም እንደውም ጠጋ ብሎ "ሌላ የሚፈርስ ሲኒማ ካለ ጠቁሙኝ፣ ኮምፕረሰሬን ይዤ ቀድሜ ልድረስ" ሲል ነበር።