«በሒደት ላይ»

የእህቴ ልጅ ከደብረ ብርሃን ስትደውልልኝ እዚያ መሽቷል፤ እኔ ሜሪላንድ ምሳ ሰዓት ላይ ነኝ። «ጋሼ፣ አካውንቲንግ ልመዘገብ ነበር፤ ኮሌጁ ግን እውቅናው በሒደት ላይ ነው አሉኝ» አለችኝ። ሃያ ዓመት ውጭ የኖረ ሰው አዋቂነት ያዘኝና «ምን ችግር አለው፣ እዚህም እንዲሁ ነው» ብዬ ክፍያውን ላክሁላት።

እዚህስ እውነትም እንዲሁ ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የመርሴድን ካምፓስ የከፈተው በፈረንጆቹ 2005 ሲሆን እውቅና ያገኘው በ2011 ነው። አሜሪካ ውስጥ እውቅና የሚሰጡት መንግሥታዊ ያልሆኑ ማኅበራት ናቸው፤ አዲስ ተቋም ሲያስተምር ካላዩ አያጸድቁለትም። እስከዚያ «እጩ» ይባላል። እጩነቱ ደግሞ የወሬ ጉዳይ አይደለም፤ ማንም የማኅበሩን ድረ ገጽ ገብቶ ሊያየው ይችላል፣ ተማሪውም የፌዴራል ብድር ሊያገኝበት ይችላል።

አገር ቤት ግን ነገሩ የሚጀምረው ከፊት ነው። የግል ኮሌጅ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን የእውቅና ፈቃድ ሳይይዝ ተማሪ መመዝገብ አይችልም። ፈቃዱም በጅምላ አይሰጥም፤ ለዚህ የትምህርት መስክ፣ በዚህ ካምፓስ፣ በመደበኛ ወይስ በርቀት ተብሎ ይለያል፣ ጊዜውም ያልቃል። እንግዲህ ደብረ ብርሃን ላይ «በሒደት ላይ ነው» ማለት «የለንም» ማለት ነው። እኔ የአሜሪካውን ትርጉም ይዤ ልጅቷን አሳሳትኋት።

ለፋሲካ ስሄድ ኮሌጁ አብረን ገባን። ብርዱ እንደ ጠባሴ ብርድ ነው፤ ገንዘብ ተቀባይዋ በጋቢ ተጀቡናለች። ከመስኮቷ በላይ ላሚኔት የተደረገ የእውቅና ወረቀት ተሰቅሏል፤ ማኅተሙ ደማቅ ነው፣ ወላጅ ሁሉ ማኅተሙን አይቶ ይከፍላል። ጠጋ ብዬ ሳነበው የካምፓሱ ቦታ አዲስ አበባ ይላል። ስጠይቃት «እሱ የዋናው ግቢ ነው፣ የኛው ይመጣል» አለችኝ፤ ደረሰኝ መቁረጧን ግን አላቆመችም።

ለመሆኑ ይህን ወረቀት ማንበብ ማን አስተምሮን? ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በእኛ አቆጣጠር በ1999 ሲከፈት የመንግሥት ነውና እውቅናህን አሳየኝ ያለው አልነበረም፤ ከተማው የሚያውቀው ዩኒቨርሲቲ እሱን ነው። ከ2015 ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጥቷል፤ ከመንግሥትም ከግልም የተማረ ሃምሳ ከመቶ ካላመጣ ዲግሪውን አይዝም። በመጀመሪያው ዙር ያለፉት ከተፈታኞቹ 40 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ፈቃድ በሌለው ፕሮግራም የተማረ ልጅማ ገና ከፈተናው ደጃፍ ነው የሚመለሰው።

የእህቴ ልጅ አንድ ዓመቷን ጥላ ወጣች። ሌላ ኮሌጅ ልትመዘገብ የሄደች ዕለት የተሰቀለውን ወረቀት በስልኳ አንስታ፣ የካምፓሱን መስመርና የሚያበቃበትን ቀን አጉልታ ላከችልኝ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ አንብበው፤ ብሩን ከዚያ ትልካለህ» ይላል መልእክቷ።