ለወለደም ሦስት፣ ለሞተበትም ሦስት

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 81ን የጻፈው ሰው ቡና ወዳድ ሳይሆን አይቀርም። አገባህ? ሦስት ቀን ፈቃድ። እናትህ ሞተች? ሦስት ቀን። ሚስትህ ወለደች? ሦስት ቀን። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ከዚያ ረከቦቱ ይነሳል፣ አንተም ወደ ሥራህ።

አባቶች ቅር ሊላቸው አይገባም። የቀድሞው አዋጅ 377/1996 የአባት ፈቃድ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር፤ ሴቲቱ ብቻዋን ያረገዘች ይመስል። ስጦታውን ጠጋ ብሎ ላየው ግን አንዲት ነገረኛ ቃል አለችበት። ለሠርግና ለሐዘን የተሰጠው ሦስት «የሥራ ቀን» ነው። ለአባት የተሰጠው ሦስት «ተከታታይ ቀን» ነው። ስለዚህ ልጁ ዓርብ ማታ ከመጣ፣ ቁጥር የሚወድ የሰው ሀብት ኃላፊ ቅዳሜን፣ እሑድንና ሰኞን ቆጥሮ ማክሰኞ ጠዋት ፊርማ ላይ ይጠብቅሃል። ማክሰኞ ማታ ቢወለድ ይሻል ነበር፤ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ ፈቃድ፣ ቅዳሜና እሑድ ምርቃት። ይህን ለሕፃኑ ቀድማ የምታስረዳ አዋላጅ ግን እስካሁን አልተገኘችም።

ሦስቱ ቀን ምን ላይ ይውላል? አቦሉ ሆስፒታል ያልቃል። ካርድ ማውጣት፣ የግቢው ፋርማሲ «የለም» ያለውን መድኃኒት ውጭ ዞሮ መፈለግ፣ አጥሚት በፔርሙስ ማመላለስ፣ በር ላይ ከጥበቃው ጋር «አባትየው እኮ ነኝ» «ብትሆንስ፣ ሰዓቱ አይደለም» መባባል። ቶናው ቤት ነው። ጠያቂው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል፤ አባት ከጎረቤት ወንበር ይዋሳል፤ ለገንፎው ቅቤ ሊገዛ ይወጣል፣ ዋጋውን ሰምቶ ይመለሳል፣ በአማቱ ዓይን ተገፍቶ ደግሞ ሄዶ ይገዛል። በረካው የወረዳ ነው። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበትና የልደት ምስክር ወረቀት ሊያወጣ ይሰለፋል። «ሲስተም የለም፣ ነገ ና» ይባላል። ነገ አራተኛው ቀን ነው። አራተኛ ሲኒ ደግሞ በእኛ አገር ወግ የለም።

የመንግሥት ሠራተኛ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነበር፤ በ2010 የወጣው አዋጅ 1064 ለአባት 10 የሥራ ቀን ሰጥቶት ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ከግል ድርጅት ሠራተኛ ልጅ ሦስት እጥፍ ያለቅስ እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ቢነግረን ጥሩ ነው።

ወደ እናትየዋ እንምጣ። አዋጅ 1156 ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ይሰጣታል። የድሮው ከወሊድ በኋላ 60 ነበር፤ እድገት ነው፣ አንካድ። 30ዎቹ የሚቆጠሩት ከሐኪም ግምት ተነስቶ ነው። ልጁ ከዘገየ እስክትወልድ ፈቃዱ ይራዘምላታል። ከቀደመ ግን የወለደች ዕለት 90ው መቆጠር ይጀምራል። ቸኩሎ የመጣ ልጅ የእናቱን ፈቃድ እየበላ ይወለዳል ማለት ነው።

ሴት ልጅ ከሆነች ክርስትናዋ በ80 ቀኗ ነው። ከ90 ላይ 80 ሲቀነስ 10። የክርስትናው ድስት ታጥቦ ለባለቤቱ ሳይመለስ እናት ቢሮ ትገባለች። ጤና ጣቢያ ደግሞ «እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ውኃም ቢሆን እንዳትሰጪያት» ብለዋታል። ስድስት ወር 180 ቀን ነው። አዋጁ ግማሹን ሸፍኗል፤ ለቀረው ግማሽ ወተቱን እያለቡ ማስቀመጥ ይቻላል ይባላል። ይቻላል። ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ፍሪጁ መብራት ይፈልጋል፣ መብራቱ የራሱ ፈቃድ አለው፤ የእሱ ደግሞ ማመልከቻ አይጠየቅበትም። ለማለብ ደግሞ በሩ የሚዘጋ ክፍል ያስፈልጋል። በብዙ ቢሮ በሩ የሚዘጋው የሥራ አስኪያጁ ክፍልና ሽንት ቤቱ ነው። ሥራ አስኪያጁ ክፍሉን አይለቅም።

በ91ኛው ቀን ታዲያ አያት ከክፍለ ሀገር በአውቶቡስ ትጠራለች። ማኅተምና ደብዳቤ ባይኖራትም የአገሪቱ ትልቁ የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት እሷ ናት። አያት ከሌለች ሠራተኛ ትቀጠራለች። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከረው። እናት በአዋጁ መሠረት ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ሕፃኗን የምታዝላትን የቤት ሠራተኛ አዋጁ ራሱ አያውቃትም፤ የግል አገልግሎት ቅጥር ከወሰኑ ውጭ ነው። እሷ ያረገዘች ዕለት የወሊድ ፈቃዷ የአውቶቡስ ቲኬት ነው፤ ያውም የመሄጃ ብቻ።

ቀጣሪውን ከመራገማችን በፊት ኪሱን እንይ። አምስት ሠራተኛ ያላት ማተሚያ ቤት አለች እንበል፤ ከአምስቱ አንዷ በ20,000 ብር ደመወዝ የምትሠራ ሒሳብ ያዥ ናት። አራት ወር ስትወጣ 80,000 ብር ከባለቤቱ ኪስ ይወጣል። በቦታዋ ለሚተካው ሌላ 80,000። መንግሥት ሳንቲም አይጨምርም፣ ኢንሹራንስም የለም። ለዚህ ነው በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ «ኤክሴል ትችያለሽ?» ከሚለው ቀጥሎ «አግብተሻል?» የሚመጣው። ወንዱን ማንም አይጠይቀውም፤ የሦስት ቀን ሰው ነዋ! እሱም አንድ ወር የሚወጣ ቢሆን ጥያቄው ለሁለቱም በእኩል ይቀርብ ነበር፤ ለሁለቱም የሚቀርብ ጥያቄ ደግሞ ሰው ለመምረጥ ስለማይጠቅም ቀስ በቀስ ይቀራል።

የሚገርመው፣ መፍትሔውን ከማንም በፊት የምናውቀው እኛ ነን። እድር ነው። ሰው ሲሞት ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ጥሬ ገንዘቡ ከአንድ ቤት ኪስ አይወጣም፤ ሁሉም በየወሩ ያዋጣዋል። ሐዘንን ለአንድ ቤት መተው ነውር የሆነበት አገር ወሊድን ለአንድ ቀጣሪ ትቶታል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2016 የወሊድ እድር በሕግ አቋቋመች ማለት ይቻላል፤ ከሠራተኛው ደመወዝ 0.3 በመቶ፣ ከቀጣሪው 0.3 በመቶ። ሕጉ ሲወጣ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት ቀጣሪው እንዲከፍል፣ ቀሪውን ፈንዱ እንዲሸፍን ተደረገ። መዋጮውን የሚከፍለው ወንዱም፣ የማይወልደውም፣ ወልዶ የጨረሰውም ነው፤ ልክ እድርን የሚከፍለው ሳይሞት እንደሆነ።

በእኛ ደመወዝ እንሞክረው። ከ20,000 ብር ላይ 0.6 በመቶ 120 ብር ነው፤ 60 ከሠራተኛው፣ 60 ከቀጣሪው። 80,000ን በ120 ስታካፍል 667 የወር መዋጮ ገደማ፣ ማለትም 56 ሠራተኞች ዓመቱን ሙሉ የሚያዋጡት የአንዲት እናት አራት ወር ሙሉ ደመወዝ ይሆናል። በየዓመቱ ከ56ቱ አንዷ ብቻ ትውለድ ማለት ስለማንችልና አባትንም ስለምንጨምር መዋጮው በእጥፍ ይሁን። ከሠራተኛው 120 ብር፣ የሁለት ወይም የሦስት ማኪያቶ ዋጋ። አምስት ሠራተኛ ላላት ማተሚያ ቤት ብቻዋን የማይቻለው ነገር ለአገር የማኪያቶ ነው። ማሰባሰቢያውም አዲስ አይደለም፤ ጡረታ 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከቀጣሪው በየወሩ ይቆረጣል። በደመወዝ መክፈያ ቅጹ ላይ አንድ ዓምድ መጨመር ነው፤ ኤክሴል የምትችለዋ ሒሳብ ያዥ በአሥር ደቂቃ ትሠራዋለች፣ ከተቀጠረች።

ፈንዱ ከቆመ ግን በወሊድ ብቻ አይበቃም፤ ማስታመም አለ። በእኛ ሆስፒታል አስታማሚ ጠያቂ አይደለም፣ ያለ ደመወዝ የተቀጠረ ሠራተኛ ነው። ናሙናውን ውጭ ላብራቶሪ ያደርሳል፣ ውጤቱን ይዞ ይሮጣል፣ ደም ሲጠየቅ ሰው ያፈላልጋል፣ ያጎርሳል፣ ያገላብጣል፣ ሌሊት ወንበር ላይ ያድራል። አዋጁ ለዚህ ሰው ያለው፣ ነገሩ ልዩና አሳሳቢ ከሆነ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ፣ ያውም በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ። አለዚያ የዓመት ፈቃዱን ይብላ፤ ለጀማሪ 16 የሥራ ቀን።

እናቱ የተኛችበት ሠራተኛ ቅጹን ይዞ ይቀርባል። «ሠርግ»፣ «ሐዘን»፣ «ወሊድ»፣ «ሌላ» ይላል። «ሌላ» ላይ ምልክት ያደርጋል። የሰው ሀብት ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ተነስቶ ትከሻውን ይይዘዋል። «ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይማርልህ። ያለ ክፍያ ነው እንግዲህ፣ ምን ላድርግ? ሐዘን ቢሆን ኖሮ ከነደመወዝህ ነበር።»