የደመወዝ ቦርዱን ማን አስቀረው?

መንግሥት ከመስከረም 2018 ጀምሮ የራሱን ሠራተኞች ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ አድርጓል። ተገቢ ነው፤ ዘግይቷልም። ይኸው መንግሥት ወደ ፋብሪካው፣ ወደ አበባ እርሻውና ወደ ሆቴሉ ሠራተኛ ሲዞር ግን አንደበቱ ይታሰራል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 55 ዝቅተኛ ደመወዝን በየጊዜው የሚከልስ የደመወዝ ቦርድ እንዲኖር ደንግጓል። አዋጁ ከወጣ ከስድስት ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የግሉ ዘርፍ ሠራተኛ ግን የደመወዝ ወለል፣ ማለትም በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ፣ የሚባል ነገር አላየም።

ለዚህ ዝምታ የሚሰጠው ምክንያት «ወለል ከተቀመጠ ኢንቨስተር ይሸሻል» የሚል ነው። ከዚህ የባሰ ሰነፍ መከራከሪያ ሰምቼ አላውቅም። ኢንቨስተር መሄድ ሲፈልግ ወለል ሳይኖርም ሄዷል! የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች ኅዳር 2014 ሐዋሳን ለቆ ሲወጣ የልብስ ሰፊዎቹ ደመወዝ ከብዶት ነበርን? ያባረረው ጦርነቱ ነው። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ምርታችን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ይገባበት ከነበረው ከአጎዋ ተሰረዝን። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ባወጡት ጥናት የሐዋሳ ጀማሪ ሠራተኛ የወር ደመወዝ 26 ዶላር፣ የኬንያ አቻዋ 207 ዶላር ነበር። ኬንያ ዝቅተኛ ደመወዝን በሕግ ትወስናለች፤ የአቲ ሪቨር ልብስ ፋብሪካዎች ግን ዛሬም ይሰፋሉ። እኛ አንዲት ክፍል ለአራት ተከራይተው የሚያድሩ ልጃገረዶችን ድህነት «ርካሽ ጉልበት» ብለን ለዓለም ለፈፍን፤ ርካሽነቱም ፒቪኤችን አላስቀረልንም። እንግዲህ ማስፈራሪያው በምን ላይ ነው የቆመው?

የቆመው በቅርበት ላይ ነው። ባለሀብት ቅር ሲለው ሚኒስትር ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ግን ደብዳቤ ጽፎ ደጅ ይጠናል። በ2013 ምርጫ ይፋ ከተደረጉት 436 መቀመጫዎች 410 የወሰደ ፓርቲ ባለበት አገር፣ ሕግ ማስቀረት የሚፈልግ ወገን አንድ ፓርቲ ካሳመነ በቂው ነው። ሠራተኛው ከመንግሥት ጋር የሚደራደርበት ሌላ በር የለውም።

የገቢ ግብር ማሻሻያው አለ ይባል ይሆናል። ሐምሌ 2017 ከግብር ነጻ የሆነው ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። በወር 3,000 ብር የሚከፈለው ጥበቃ ቀድሞ 307 ብር ከ50 ሳንቲም ይቆረጥበት ነበር፤ አሁን 150 ብር ይቆረጥበታል። ትርፉ 157 ብር ከ50 ሳንቲም ነው፤ አንድ ሊትር ዘይት አይገዛለትም። አሠሪው ደግሞ በዚህ ሁሉ መካከል አንዲት ሳንቲም አልጨመረም።

ስለዚህ «እየተጠና ነው» የሚለውን መልስ አንቀበልም። ገዥውም ሆነ ተቃዋሚው፣ የሠራተኛውን ድምፅ የሚፈልግ ፓርቲ ሁሉ ቦርዱ በየትኛው ወር ሥራ እንደሚጀምርና የመጀመሪያው ወለል ስንት ብር እንዲሆን እንደሚፈልግ በጽሑፍ ያሳውቀን።