ውሻቸውን ለሰፈሩ ለለገሱ ደጋግ ወገኖች የቀረበ ምስጋና

ሁሉ ነገር በተወደደበት በዚህ ዘመን የገዛ ንብረቱን ያለ ክፍያ ለሕዝብ አገልግሎት የሚያውል ሰው ጠፋ ብለው የሚያማርሩ ሰዎች፣ የአዲስ አበባን ሰፈሮች ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ በእግራቸው ዞረው አያውቁም። ቢዞሩ ኖሮ ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ የዋለውን ውሻቸውን ፈትተው ከግቢ የሚያሰናብቱ፣ ከዚያም በሩን ከኋላው ቀርቅረው በሰላም የሚተኙ ደጋግ ባለቤቶችን ባዩ ነበር። ሀብታሙ ዘበኛውን ለራሱ በር ብቻ ሲሰስት፣ እነዚህ ወገኖች ግን ጠባቂያቸውን ለታክሲ ተራው፣ ለሥጋ ቤቱ ደጅና ለቆሻሻ ገንዳው ሁሉ አበርክተዋል። ውሻውም ራቱን እዚያው ፈልጎ ስለሚበላ፣ ልግስናው የቤቱን ወጪ እንደሚቀንስ መጥቀስ ውለታቸውን ማሳነስ ይሆናል።

በተለይ የሚደነቀው የበሩ ማስታወቂያ ነው። በቀይ ቀለም «ኃይለኛ ውሻ አለ» የተባለበት ቆርቆሮ በሩ ላይ ተቸንክሯል፤ ኃይለኛው ውሻ ደግሞ ከቆርቆሮው ሥር፣ በውጭ በኩል፣ አፍንጫውን በፊት እግሮቹ ላይ አሳርፎ ተኝቷል፤ ስለዚህ ማስጠንቀቂያውን ቀርቦ ማንበብ የሚፈልግ እንግዳ አስቀድሞ ውሻውን ማለፍ አለበት። ጽሑፉ ውሻው ከበሩ ወዲህ ይሁን ወዲያ ስለማይናገር ማንም ሐሰት ነው ሊለው አይችልም። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ከደጅ ታሳድራለች ይባላል፤ የእኛ ሰፈር ውሻ ግን እምነቱ ከበጓ ስለሚበልጥ መላ አካሉን ከደጅ ያሳድራል።

ባለቤትነቱም የረቀቀ ነው። ውሻው ሌሊት ሌባ አባርሮ ያደረ እንደሆነ፣ ጋሼ ጠዋት ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ብቅ ብለው «ጃክ እኮ ልዩ ፍጡር ነው፤ ከቡችላነቱ ጀምሮ በእጄ ያሳደግሁት» ይላሉ። በማግሥቱ ያው ጃክ ዳቦ ሊገዛ የወጣ የጎረቤት ልጅ ባት ላይ ጥርሱን ሲያሳርፍና እናቲቱ «ጋሼ፣ ውሻዎ ልጄን ነከሰብኝ» ብላ በር ስታንኳኳ፣ መልሱ ተራውን ጠብቆ ይመጣል፤ መጀመሪያ «የኔ ውሻ ሰው አይነካም»፣ ቀጥሎ «ልጁ ሮጦበት ይሆናል»፣ በመጨረሻም «ደግሞስ እዚህ ያድራል እንጂ የኛ አይደለም»። ሦስቱ መልሶች እርስ በርሳቸው አይስማሙም የሚል ካለ፣ ሰፈር ውስጥ ተከራክሮ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አርቃቂዎች በ1952 ዓ.ም. ይህን ጥበብ አለማየታቸው ያሳዝናል። እነርሱ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን፣ እንስሳው በድንገት ከቁጥጥሩ አምልጦ ቢሆን ወይም ጉዳቱ ቀድሞ ሊገመት የማይችል ቢሆን እንኳ ከኃላፊነት እንደማይድን ደንግገው ነገሩን የጨረሱት መስሏቸው ነበር። በቁጥር 2074 ደግሞ ርኅራኄ አሳይተዋል፤ የቤት እንስሳ ባለቤት እንስሳውን ለተጎጂው በባለቤትነት ለቅቆ ከኃላፊነት ነፃ ሊወጣ ይችላል፤ የተነከሰው ልጅ ካሳ ብሎ ጃክን ይረከባል ማለት ነው። (ጉዳቱ የደረሰው በባለቤቱ ጥፋት ከሆነ ይህ መውጫ ይዘጋል፤ በሩን በገዛ እጁ የከፈተ ሰው ጥፋት የለብኝም ብሎ ዳኛ ፊት ማስረዳቱም ትንሽ ያስቸግረዋል።) ደግነቱ ባለቤት ነኝ የሚል እስካልተገኘ ድረስ ድንጋጌዎቹ በመጽሐፋቸው ውስጥ በሰላም ያርፋሉ።

ከንክሻው በኋላ ያለው ሥርዓትም እንዲሁ የሚያስመሰግን ነው። ሐኪሞች ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ተነካሹ ሳይዘገይ ክትባት ይጀምር፣ ውሻው ታስሮ ለ10 ቀን ይታይ ይላሉ፤ በእነዚያ ቀናት ውሻው ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ሰዓት የእብድ ውሻ በሽታን እንዳላስተላለፈ ይታወቃልና። ባለውሻው ግን ለጃክ ነፃነት ስለሚሳሳ፣ ገና ሳይመሽ በአይሱዙ አስጭኖ ሱሉልታ ዘመድ ቤት ይልከዋል፤ ለጠየቀውም ሁሉ «ጠፋ እኮ፣ እኛም እየፈለግነው ነው» ይላል። እናቲቱን እንዲሁ ባዶ እጇን አይሸኛትም፤ የሐበሻ መድኃኒት የሚያውቁ አዋቂ እንዳሉ ይነግራታል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የሌለው መሆኑ ተነካሹን እንጂ ባለውሻውን የሚመለከት ጉዳይ አይደለም። ክትባቱ ከበግ አንጎል እየተዘጋጀ ሆድ ላይ በየቀኑ ይወጋ የነበረበትን ዘመን ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ፤ ዛሬ የመርፌው ቁጥር ማነሱንም ደጋጎቻችን እንደ ራሳቸው ውለታ ሳይቆጥሩት አይቀሩም።

ውሻውን በየዓመቱ ማስከተብስ የሚል ጥያቄ ሲነሳ መልሱ ዝግጁ ነው፤ «ከግቢ የማይወጣ ውሻ ክትባት ምን ያደርግለታል?» ይህ የሚባለው ውሻው ከመንገዱ ማዶ ቆሞ እየሰማ ነው። ከ100 ውሾች 70ዎቹ ቢከተቡ የበሽታው የመተላለፊያ ሰንሰለት እንደሚበጠስ ባለሙያዎች ደጋግመው ይናገራሉ፤ እኛ ግን በጥሰን የተሳካልን የውሻውን ሰንሰለት ብቻ ነው። ሴት ቡችሎች ሲወለዱ ደግሞ ልግስናው ከፍ ይላል፤ ዓይናቸው ሳይገለጥ በማዳበሪያ ተቋጥረው ወንዝ ዳር ይቀመጣሉ። ከተረፉት አንዷ አድጋ በየገንዳው ስትራባ፣ «ባለቤት አልባ ውሻ በዛ፤ መንግሥት ምን ይሠራል?» የሚለውን አቤቱታ ቀድሞ የሚያሰማው ማዳበሪያውን የቋጠረው ሰው ነው።

ልግስናው በከተማ አይወሰንም። በባሌ ተራሮች እንደ ልባቸው የሚዞሩ ያልተከተቡ ውሾች በሽታውን ለቀይ ቀበሮ ያጋባሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2008 በተነሡት ወረርሽኞች ብዙ ቀበሮዎች ያለቁት በዚህ መንገድ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 የማይበልጡ ቢሆኑም፣ ውሾቻችን ከዚህች ጥቂት ዘር ጋር እንኳ ያላቸውን ለማካፈል አልሰሰቱም።

እንግዲህ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ዓለም በውሻ ንክሻ በሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ የሚሞት ሰው እስከ 2030 እ.ኤ.አ. እንዳይኖር ግብ አስቀምጧል። ወረዳዎቻችን የቤት ለቤት የውሻ ምዝገባ ቢያካሂዱ፣ መዝጋቢው በየበሩ «የኛ አይደለም» የሚለውን መልስ እየጻፈ ስለሚያልፍ፣ መዝገቡ አንድም ውሻ ሳይገኝበት ይዘጋል፤ ውሻ የሌለው ከተማ ደግሞ የውሻ በሽታ ሊኖረው አይችልምና ግቡን ከዓለም ቀድመን እንመታለን። ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ የሚጮኸው ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ የውጭ ታዛቢ ቢመጣም አንቸገርም፤ እሱ የጎረቤት ነው።