ሳይክል፣ ነፋስ እና የጫጫ አስፋልት

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ያለው የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም እንዲህ ብሎ ላከልኝ፤ «እናንተ ጋ ባህሩን ታኮ የሚሄደውን የሳይክል መንገድ ቪዲዮ አየሁት። እኛ ጋ ደሞ ከዛ የበለጠ ጸጥ ያለ ገጠር አለ፣ ጭላዳው ጓሳው ገደሉ፣ ለምን የሳይክል ቱሪዝም አንጀምርም?» በድምፅ ልመልስለት ጀምሬ ረዘመብኝ፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

እኔ ያለሁት ሆላንድ ውስጥ ዜላንድ የሚባለው ክፍለ ሀገር ነው፣ ደቡብ ምዕራቡ ጫፍ ላይ፣ ደሴት በደሴት ግድብ በግድብ የሆነ አገር። ዳገት የሚባል ነገር የለም፣ ካለም ድልድይ ነው። የዳገቱን ሒሳብ ግን በነፋስ ይከፍሉሃል፤ ከሰሜን ባህር ፊት ለፊት ሲመጣብህ ፔዳሉን እየረገጥክ ቆመህ የቀረህ ይመስልሃል፣ ከኋላህ ደሞ የሰባ ዓመት ጡረተኛ በኤሌክትሪክ ሳይክል «ሃሎ» ብሎህ ያልፋል (ፈረንጅ ሰላምታ የለውም የሚባለው ውሸት ነው፣ ገጠር መንገድ ላይ ሲተላለፉ ሁሉም ሰላም ይላል)። እንዲያውም ነፋሱን ውድድር አድርገውታል፤ ኦስተርስኸልደ የሚባለው 9 ኪሎ ሜትር የሚሆን የባህር ግድብ ላይ፣ ማርሽ በሌለው ተራ ሳይክል፣ አውሎ ነፋስ ሲነሳ ጠብቀው ነፋስን ፊት ለፊት የሚጋፉበት የአገር አቀፍ ሻምፒዮና አላቸው። ግድቡ የተሠራው በ1953 (እ.ኤ.አ) ባህሩ ሌሊት ሰብሮ ገብቶ ከ1,800 በላይ ሰው ከጨረሰ በኋላ ነው፣ ያለቀው በ1986። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ብርድ የሚያውቅ ሰው ግን ይሄን ነፋስ ብዙ አይደነቅበትም፣ ፊቱን በጋቢ ሸፍኖ ያደገ ነው።

ወደ መንገዱ ልመለስ። ቪዲዮው ላይ ያየኸው ትልቁ የባህር ዳር መንገድ ነው፣ የአገሪቱን ጠረፍ ከቤልጂየም ድንበር እስከ ጀርመን ድንበር ተከትሎ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። እኔ የምወደው ግን እሱን ሳይሆን ከጀርባ ያሉትን የገበሬ መንገዶች ነው፣ ሽንኩርትና ድንች መሀል የሚሄዱት፣ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፉ፣ መሀላቸው ላይ መስመር የሌላቸው። በመከር ጊዜ ስኳር የሚሠራበትን ሥር ነው የሚያወጡት፣ ትራክተሩ ጭቃውን አስፋልቱ ላይ ሲያዝረከርክ «ጭቃ አለ ተጠንቀቁ» የሚል ምልክት ይተክላሉ። ለጭቃ ምልክት! እኛ ጋ ቢሆን ከሐምሌ እስከ መስከረም ሰሌዳ ሠሪ ሀብታም ይሆን ነበር።

አንድ ነገር ደሞ ሁሌ አገሬን ያስታውሰኛል። የባህሩ ግድብ አናቱ ላይ ሣር ነው፣ ሣሩን የሚያጭዱት በጎች ናቸው፣ እረኛ የላቸውም። የሳይክሉ መንገድ በመሀላቸው ያልፋል። ብረት በሩን ከፍተህ ትገባለህ፣ መልሰህ ትዘጋለህ፣ በጎቹ አስፋልቱ ሞቅ ስለሚላቸው እዛው መሀል መንገድ ላይ ተኝተው ያመሰኳሉ፣ ደወል ብትደውል ዞር ብለው አያዩህም። አንዷ አንዴ ዓይኔን እያየች ሸንታብኛለች ማለት ይቻላል፣ ጎማው ላይ ነው ያረፈው። ወርደህ ሳይክልህን እየገፋህ ነው የምታልፈው። የመንዝ በግ ብትሆን ገና ከሩቅ ስታይህ እረኛው ጅራፉን አጩሆ ገደል ለገደል ትበተን ነበር፣ ከዛ «በጌን አስበረገግክብኝ» የሚል ጠብ ይከተላል።

ግን የአክስቴ ልጅ ጥያቄ ቱሪዝም ነዋ። እዚህ ላይ ነው ያልተስማማነው። ይሄ የሆላንድ መንገድ ጸጥታ ለቱሪስት ተብሎ አልተሠራም። በ1971 (እ.ኤ.አ) ሆላንድ ውስጥ በመኪና አደጋ 3,300 ሰው ሞቶ ነበር፣ ከነዚህ ውስጥ ከ400 በላይ ሕፃናት ናቸው። ወላጆች አደባባይ ወጡ፣ መንገድ ዘጉ፣ የንቅናቄው ስም ራሱ «የልጆች ግድያ ይቁም» ነበር። በ1973 ደሞ የነዳጁ ቀውስ መጣና እሑድ እሑድ መኪና ተከለከለ፣ ሰው መንገዱ ያለ መኪና ምን እንደሚመስል አየ። ሕጉም ተቀየረ፤ ዛሬ ሹፌር ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሳይክል ላይ ከገጨ ልጁ ቢያጠፋም ባያጠፋም በአብዛኛው ሙሉውን ካሣ የሚከፍለው የሹፌሩ ኢንሹራንስ ነው። ሹፌሩ ቀስ የሚለው ጨዋ ስለሆነ ብቻ አይደለም ለማለት ነው። ጠዋት ጠዋት እነዛ የገበሬ መንገዶች ላይ የምታየው የገጠር ልጅ ነው፣ ቦርሳ አዝሎ በነፋስ እየተገፋ ሃይስኩል የሚሄድ፣ አራት አምስት ሆነው ጎን ለጎን እያወሩ። ጡረተኛውና ቱሪስቱ የመጡት በነሱ መንገድ ላይ ነው።

አሁን ወደኛ እንምጣ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው አስፋልት ሸኖን ጫጫን ደብረ ብርሃንን እያለ ጣርማበር ዋሻ ይገባል፣ ጣሊያን የሰራው ዋሻ፣ ከዛ ደብረ ሲና። አንድ መንገድ ነው፣ ሁሉም እሱ ላይ ነው፤ ሲኖትራክ፣ አባዱላ፣ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ጭድ የተጫነ አህያ፣ ኩበት የተሸከመች እናት፣ ለቅሶ የሚሄድ ሰው፣ እና ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ። ሲኖትራክን ሕዝቡ ዝም ብሎ አይደለም ቀይ ሽብር ያለው። ከጫጫ ወደ ደብረ ብርሃን በኪራይ ሳይክል ሄጃለሁ፣ ሰላሙ ደህና በነበረ ጊዜ፣ ያ ሁሉ መንገድ ስለ መልክዓ ምድሩ አላሰብኩም፣ ያሰብኩት ከኋላዬ ስለሚመጣው ክላክስ ነው። ከፊቴ ደሞ ልጆች በቀጭኑ ጠርዝ ላይ በአንድ መስመር ተያይዘው ይሄዳሉ፣ መኪና ሲመጣ የለመዱት ስለሆነ ሳያዩ ወደ ቦዩ ዘለል ይላሉ፣ ያልፋል፣ መልሰው ይወጣሉ። በየቀኑ።

ከአስፋልቱ ወጥቼ ገብስ መሀል ወደሚገባው የእግር መንገድ ስታጠፍ ነው የአክስቴ ልጅ የሚለውን ጸጥታ ያገኘሁት፣ እውነቱን ነው፣ ጸጥ ይላል። አንድ አህያ የሚነዱ አባት አገኘሁ፣ እንዴት ዋሉ አባባ ስላቸው ቆም አሉና ሳይክሉን ከላይ እስከ ታች አዩት፣ «ይሄ ፈረስህ ገብስ አይበላ?» አይበላም አባባ። «እንግዲያማ ርካሽ ነው፣ ግን ዳገት ላይ አንተው ነህ የምትሸከመው አይደል?» አሉኝ። ከዛ በኋላ ያለውን ዳገት በሙሉ ተሸክሜ ነው የወጣሁት፣ ደብረ ብርሃን እኮ ከ2,700 ሜትር በላይ ነች፣ ከባህር ወለል በታች የሚኖር ሳንባ ይዞ ለመጣ ሰው ቀልድ አይደለም።

ልጆቹስ? «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ይከተሉሃል፣ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ፈልገው ነው። ድንጋይ የሚወረውርም አይጠፋም። በሳይክል አገራችንን ያቋረጡ ፈረንጆች ዋና ስሞታቸው ይሄ ነው፣ እኛ ደሞ ስንሰማ እንናደዳለን። ልጁ ግን መንገዱ ላይ የሚውለው ሌላ መዋያ ስለሌለው ነው፣ ከብቱም እዛው ነው ጓደኛውም እዛው ነው። መንገዱ ግቢው ነው፣ ግቢው ውስጥ ባለ ጥብቅ ሱሪ ሰው በፍጥነት ሲገባ ምን ያድርግ።

ባህርማ የለንም እንዳትለኝ ደሞ። ከባህር ጠረፍ ወደ ሸዋ የሚመጣው ዋናው መንገድ በአንኮበር ነበር እኮ! በ1841 (እ.ኤ.አ) የእንግሊዝ ልዑክ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ ከታጁራ ወደብ ተነስቶ አፋርን አቋርጦ በአልዩ አምባ ነው አንኮበር የወጣው። ጨውም ጨርቅም ጠመንጃም በዛው በግመል መጥቶ፣ ቆላው ሲያልቅ ወደ በቅሎና አህያ ተገልብጦ ነው ሽቅብ የሚወጣው። ያ የበቅሎ መንገድ እግር ያበጀው ነው፣ ዳገቱን እየተጠማዘዘ ውሃ ባለበት እያለፈ። የጭነት መኪና አይገባበትም፣ ስለዚህ ሆላንዶች በሕግና በገንዘብ ያመጡት ነገር ግማሹ እኛ ጋ ቁጭ ብሎ አለ።

ስለዚህ ለአክስቴ ልጅ ያልኩት ይሄን ነው። ቱሪስቱን ለጊዜው ተወው፣ ሰላሙ ራሱ ባልተረጋጋበት አካባቢ በሳይክል ና ብትለውም አይመጣም፣ ቢመጣም ከጣርማበር ወደ ሸዋ ሮቢት ያለውን ከ1,500 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት በኪራይ ሳይክል ፍሬን ሲወርድ ሬሳውን ነው የምንሸኘው። መጀመሪያ ከጫጫ እስከ ደብረ ብርሃን ከአስፋልቱ ጎን፣ ከቦዩ ወዲያ፣ ለእግረኛና ለአህያ የሚሆን መንገድ ይደልደል፣ ሳይክሉ ኋላ ራሱ ይገባበታል። ማን ይጠብቀዋል እንዳትለኝ፣ የመንዝ ሰው ጓሳ የሚባለው የደጋ ሜዳው ሣር መቼ እንደሚታጨድ መቼ እንደሚዘጋ ራሱ ደንብ አውጥቶ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲጠብቅ የኖረ ነው፣ አንድ የእግር መንገድ አያቅተውም።

ከዛ ቁጥሩ። እዚህ የገጠር መንገዱ መገናኛ ሁሉ ላይ ቁጥር አለ፣ ካርታ አያስፈልግህም፣ «21፣ 34፣ 35» ብለህ ወረቀት ላይ ጽፈህ ትወጣለህ፣ አንዱ ቁጥር ወደሚቀጥለው ይመራሃል። ይሄ የተጀመረው በ1995 (እ.ኤ.አ) ቤልጂየም ውስጥ ነው፣ ሐሳቡን ያመጣው የማዕድን መሐንዲስ የነበረ ሰው ነው። ወጪው እንጨትና ቀለም ነው። የእኛን መገናኛዎች ደሞ ከአህያ ነጂዎቹ በላይ የሚያውቅ የለም፣ የቱ ጋ ክረምት እንደሚዘጋ የቱ ጋ ውሻ እንዳለ ሳይቀር፣ ቅዳሜ ገበያ ውጣና ጠይቃቸው። እንጨት እንኳ አያስፈልግም ድንጋይ ሞልቷል። የቀለሙን ሒሳብ ላክልኝ፣ ዳያስፖራ ማለት ለዚህ ነው አይደል።